ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

አባቴ የኮምፒውተራቸውን ሰዓት የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነበር። ሰዓቱን ብቻ አይደለም፤ ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የስክሪኑ ማዕዘን ላይ ሁለት ሰዓት የሚል ካላዩ ሥራ አይጀምሩም። ፈረንጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት መኖር አለበት የሚል ሕግ የለም ባይ ናቸው። እንዲህ የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ስልኩን በእኛ ሰዓት የሚሞላ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። አባቴ ግን ነገሩን እስከ ጥግ ወሰዱት።

ችግሩ ኮምፒውተሩ በልቡ ፈረንጅ መሆኑ ነው። ለእሱ የመጀመሪያው ወር ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ስለዚህ መስከረም ሲያልቅ ጥቅምት አንድ ማለት ሲገባው መስከረም ሠላሳ አንድ ይላል። ሁለተኛው ወር ደግሞ ለእሱ አጭር ነው፤ ጥቅምት ሳያልቅ ኅዳር ይገባል። አባቴ ወር በወጣ ቁጥር ወንበራቸውን ስበው፣ ሳይቆጡ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ያርሙታል። ጳጉሜን ግን የሚያርሙበት መንገድ አላገኙም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ ጳጉሜ ሲገባ አጥፍተውት ነጠላ ያለብሱታል። እስከ ዕንቁጣጣሽ ማንም አይከፍተውም። «ይረፍ» ይላሉ። ይህን ሳይ እስቅ ነበር፤ አሁን አልስቅም።

አባቴ ከመሸንቲ ወጥተው በወጣትነታቸው ፋብሪካ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። መጽሐፉ ስለ ማሽኖቹ ነው። ድር ሊበጠስ ሲል ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ማጉን የሚያመላልሰው መወርወሪያ መንገዱን ሲስት በየት በኩል እንደሚመታ፣ ዘይት ሲበዛበትና ሲያንስበት ጨርቁ ላይ ምን እንደሚታይ። ያ ዓይነት ማሽን ዛሬ የለም፤ ተፈታቶ ለብረትነት ሄዷል። ይህን ማን ያነበዋል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። «ስጨርሰው እኔ አነበዋለሁ» አሉኝ።

መጨረሳቸው ግን አጠራጣሪ ነበር። ዓይናቸውን ግላኮማ ይዟቸዋል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ እያባበሉ ማቆየት እንደሚቻል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን እሱም እንደማያውቅ ነግሮናል። አባቴ ከሐኪም ቤቱ በር ሲወጡ «እንግዲያው መጽሐፉን ላፍጥነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚጠበቀው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ከመጽሐፉና ከዓይናቸው የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ጣና ዳር እወስዳቸዋለሁ። ከምንኖርበት ከፋሲሎ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ዋርካ ሥር ተቀምጠው ውኃውን ያያሉ፤ ዓይናቸውን የሚፈትኑት በዚያ ነው። «ያ ጥቁር ነገር ደሴቱ ነው?» ይሉኛል። ነው ካልሁ ደስ ይላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውዬ ባርኔጣ ማድረጉን ይለዩ ነበር። በኋላ ታንኳውን ብቻ ያዩ ጀመር።

እኔ የበኩር ልጃቸው ነኝ። ኮሌጅ አስተምራለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፤ ጠብታውን የማደርግላቸው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዝላቸው፣ የጻፉትን እየተከተልሁ ፊደል የማርምላቸው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የኮምፒውተር ሰው ነው። አባቴ «የኮምፒውተር ሰው» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ሌላው ሰው ጳጳስ ሲጠራ እንደሚለወጠው።

ወንድሜ ለፋሲካ መጣ። ገና የበዓሉ ድካም ሳይወጣልን የአባቴን ኮምፒውተር ከፈተና ራሱን ነቀነቀ። ሲስተሙ አርጅቷል፣ ይህን ይዞ መሥራት ያሳፍራል አለ። እሱ ዘንድ ግን ገና ለሕዝብ ያልወጣ፣ ቀድመው እንዲሞክሩት ለባለሙያዎች ብቻ የተሰጠ አዲስ አፕዴት አለ። አገር ምድሩ የሚያገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አባባ ግን ዛሬውኑ ያገኛሉ። ገና የሚሞከር ከሆነ ለምን በአባባ ላይ ይሞከራል አልሁት። ሳቀብኝ። አንቺ አዲስ ነገር ስታይ ሁልጊዜ ትደነግጫለሽ አለ። ወደ አባቴ ዞርሁ። «ተይው፣ የሚያውቀውን ይሥራ» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ፈጀ። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ የኮምፒውተሩ ባትሪ የሞተ ስለሆነ በሄደ ቁጥር ከመጀመሪያ እየጀመረ፣ ወንድሜ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ለጓደኞቹ እየሳቀ። ሊመሽ ሲል አለቀ። ስክሪኑ አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። ጥጉ ሁሉ ክብ ክብ፣ ቀለሙ ለስላሳ። ፊደሉ ግን አንሷል። አባቴ ፊታቸውን አስጠግተው «ተባረክ ልጄ፣ እንዴት ያምራል» አሉ፤ ምን እንዳዩ እንጃ። ወንድሜ በማግሥቱ ተመርቆ ሄደ።

ከዚያ እኔ ጀመርሁ። የአማርኛው መጻፊያ ጠፍቷል፤ አባቴ «ሀ» ብለው ሲመቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣል። እሱን ፈልጌ እስክመልስ ሳምንት አለፈ። ፊደሉን እንዳሳድግ ብሞክር ገጹ እየተቆረጠ አስቸገረኝ። ፕሪንተሩ አላውቃችሁም አለ። አንድ ጊዜ ድምፁ ጠፋ፣ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ራሱ ተገለበጠና አባቴ አንገታቸውን አጣመው ሲያነቡ ደረስሁ። ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አንዱን አስተካክላለሁ፣ በማግሥቱ ሌላው ይጠብቀኛል። አባቴ ከኋላዬ ቆመው ያጽናኑኛል፤ ወንድምሽ እኮ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፣ ትንሽ ነገር ነው የጎደለው ይላሉ። ትንሿን ስሞላ ከረምሁ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አባቴ በገዛ እጃቸው ያደረጉት ነገር ሰዓቱንና ቀኑን ወደራሳቸው መመለስ ብቻ ነበር። ከዚያ በሰላም ጻፉ። ክረምቱን ጻፉ፣ ጳጉሜን አረፉ፣ መስከረምና ጥቅምትን ጻፉ።

ኅዳር ላይ፣ ጠፍቶ የቆየው ኢንተርኔት የተመለሰ ሰሞን፣ ወንድሜ ልጅ ወለደ። አባባ የልጅ ልጃቸውን በኮምፒውተር ይዩ፣ የአንቺ ስልክ ስክሪኑ ትንሽ ነው አለ። ብንል ብንሠራ የቪዲዮ ጥሪው አልከፈት አለን፤ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይዘጋብናል። ወንድሜ በስልክ ሆኖ እስቲ ቀኑ ምን ይላል አለኝ። ነገርሁት። ሰባት ዓመት ወደኋላ ቀርታችሁ ነው እንዴ የምትኖሩት ብሎ ሚስቱን ጠርቶ እያሳቃት ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባስ ሽማግሌ ናቸው፤ አንቺ የተማርሽ አይደለሽም? እንዴት ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

አስተካከልሁ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ፣ ወሩን ወደ ፈረንጅ፣ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ። ወዲያው ተከፈተ። አባቴ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው ሕፃኑን አዩት፣ ወይም አየሁት አሉ፣ አለቀሱም። ይህን አልቆጭበትም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ቀን አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ይህ የሙከራ ሲስተም ጊዜው አልፎበታል ይላል። ያንን ዘግተን፣ አባቴም ሕፃኑን ደግመው ለማየት ሲሉ ቀኑን በፈረንጅ ትተውት ስንቀጥል፣ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ መነሣት ጀመረ። አባቴ በወረቀት ላይ እንደሚጽፍ ሰው ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ተጻፈ ነው፣ ሴቭ ማድረግ የሚባለውን የሚያስታውሱት ሲተኙ ነው። ስለዚህ በጠፋ ቁጥር የጠዋት ልፋታቸው አብሮ ይጠፋል። ስለ መወርወሪያው የጻፉትን ምዕራፍ እየጠፋባቸው እንደገና፣ እየጠፋባቸው እንደገና ጻፉት። ዓይኑ ያለው ሰው እንኳ ይታክተዋል።

ለወንድሜ ደወልሁ። ቀኑን ያስተካከልን ዕለት ነው የጀመረው፣ እንመልሰው ይሆን አልሁት። አይገናኝም አለ፤ ቀን ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ሳያይ ምንም ማለት እንደማይችል፣ ለገና መጥቶ ራሱ እንደሚሠራው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ ይህችን ቃል ያዙ። «ማንም እንዳይነካው ብሏል» ይሉኛል ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ። ቤት ውስጥ ያለው ማንም ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ገና ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣም አለ። ገና መጣ፤ ወንድሜ አልመጣም። መንገዱ አያስተማምንም፣ በአየር እንዳይመጣ ሥራ ይዞታል፣ ሕፃኑም ጉንፋን ይዞታል። ለጥምቀት ተባለ። ጥምቀትም አለፈ። አባቴ ግን በየጠዋቱ ቁርሳቸውን በልተው፣ ወንበራቸውን ስበው፣ ከጠፋው ስክሪን ፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ በወረቀት ልጻፍ ብላቸው እንቢ አሉ። ልጁ ይመጣል፣ ምን ያስቸኩላል አሉኝ። ምን እንደሚያስቸኩል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ያለ ይመስል።

አንድ ቀን ወንድሜ ደወለና መፍትሔ አገኘሁ አለኝ። አንዱ ሱቅ ወስደሽ ፎርማት ያድርጉት፣ አዲስ ሲስተም ይጫኑበት፣ በቃ። መጽሐፉስ አልሁት። ኮፒ የለውም እንዴ አለ፤ ገረመው። ኮፒ የለውም፤ ሳያልቅ አይታተምም ስላሉ በወረቀትም አልወጣም። ድሮ አንድ ማተሚያ ቤት የተሰካ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መጥቶ ፋይሉን ሁሉ ስለደበቀባቸው፣ አባቴ ቤታችን ውስጥ ፍላሽ እንዳይሰካ ከልክለዋል። ከፍላሽ ተጠንቀቁ ብሎ የመከራቸው ማን ሆነና!  ስልኩን ሳልሰናበተው ዘጋሁበት። እሱ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎት መሆን አለበት፣ መልሶ አልደወለም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጣና ዳር ወጣን። ነፋሱ እምቦጩን ገፍቶ ወደ ዳሩ አምጥቶታል፤ ከእግራችን ሥር ጀምሮ ውኃው ላይ አረንጓዴ ተነጥፏል። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ውኃው ሸሸ እንዴ? ይኼ ፊት ለፊቴ ያለው መሬት ነው?»

አረም ነው አባባ፣ ውኃው ከሥሩ አለ አልኋቸው። እንደዚያ ነው እንዴ አሉ። ስለ ደሴቱ አልጠየቁኝም። እኔም አላነሣሁም። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዳቸው ከወትሮው ከብዶኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጎረቤታችን ቅዳሴ ይዟቸው ሄደ። እኔ አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በሩን ዘግቼ ማንም እንዳይነካው የተባለውን ነካሁት። ያሰብሁት ነገር ጥበብ አልነበረበትም፤ ንዴት ነበር። በአባቴ ቀን ሲኖር ደህና ነበር፤ በፈረንጅ ቀን ሲያድር ሞተ። እንግዲያው ወደ አባቴ ቀን ይመለስ። ሲነሣ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ሲመቱት ከሲስተሙ በፊት የሚመጣ ሰማያዊ ገጽ አለ፤ ቀንና ሰዓት እዚያም ይሞላል። እስኪመጣልኝ ድረስ ጣቴ ዛለ። ወሩን አምስት፣ የእኛን ጥር፣ አደረግሁት። ዓመቱን የእኛን። ሰዓቱን የእኛን። ከዚያ እጄን አንሥቼ ጠበቅሁ።

ተነሣ። ክብ ክቡ ጥግ፣ ለስላሳው ቀለም፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብቅ አለ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የሙከራው ሲስተም የሚሞትበት ቀን ተቆርጦለት ነው የመጣው፤ ወንድሜ ሲጭነው ያንን አላየም፣ ወይም አይቶ ረስቶታል። አባቴ ደግሞ ሳያውቁ በሰባት ዓመት ወደኋላ ስላኖሩት ቀኑ እንዳልደረሰ መስሎት ሲያገለግላቸው ኖረ። የገደልነው ትክክለኛውን ቀን የነገርነው ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ይመጣል የተባለ ሰው ሲጠበቅ የጠፋ ነው።  ያን ጊዜ ከማሸጊያው ባወጣሁት አዲስ ፍላሽ መጽሐፉን ገልብጬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

አባቴ ሲመለሱ ተነሥቷል አልኋቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። መጽሐፉን ከፈትሁላቸው። ፊደሉን አሳድጊው አሉ፤ አሳደግሁት። ጨምሪ አሉ። አንድ ቃል ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ ጨመርሁ።

«ደብዝዟል። አድምቂው እስቲ» አሉኝ።

«ደምቋል አባባ። ጥቁር ነው።»

 እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ነኩት፣ መነጽር እንደሚወለውል ሰው በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ስልኩን አምጪልኝ፣ ለወንድምሽ ደውይልኝ አሉ። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«ልጄ፣ ተነሣልኝ። እንደነገርሃት አደረገችው መሰለኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ።»

እኔ ወንድሜ የሚለውን ልሰማ የውኃ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር።  «ዋናው መነሣቱ ነው አባባ» አለ። አልነገርኋትም አላለም። ቆይቼ ለአባቴ ነገርኋቸው፤ ቀኑን ወደ እርስዎ የመለስሁት እኔ ነኝ፣ ከራሴ ነው አልሁ። ነግሮሽ ይሆናል፣ ረስተሽው ነው አሉኝ፤ በርኅራኄ ነው ያሉኝ፣ የበለጠ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ደግሜ አልተከራከርሁም።

ከዚያ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ስጽፍ ከረምን። ከሥራ ስመለስ ወንበሬን ስቤ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ማሽኑን በድምፅ ያስነሡታል። መወርወሪያው ሲሄድ በአፋቸው ያሰሙኛል፤ ይህን እንዴት ልጻፈው ስላቸው እንደሰማሽው ጻፊ ይሉኛል። ወር ሲወጣ ቀኑን የማርመው እኔ ሆንሁ። ከጳጉሜ በፊት ማለቅ አለበት ብለው ነበርና ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ስለ መጨረሻው ማሽን የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ተናገሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።

«ከፊቱ ምስጋና አድርጊልኝ» አሉ።

ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስሁና ጣቶቼን አዘጋጀሁ። ቀስ እያሉ ተናገሩ። ኮምፒውተሩን አድሶ ለሰጠኝ፣ በሞተም ጊዜ በሩቅ ሆኖ ላስነሣልኝ፣ ይህን መጽሐፍ ላስጨረሰኝ ለልጄ። ጻፍሁ። «ላስጨረሰኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁና አረምሁ።

«ሌላስ የሚመሰገን አለ?» አልኋቸው።

አሰቡ። በእውነት ነው ያሰቡት፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። የድሮ አለቃቸውን ጨመሩ። ሐኪሙን ጨመሩ። እናቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጨመሩ። ከዚያ በቃ አሉ። ቀኑን ከሥሩ አድርጊበት አሉኝ፤ ከማዕዘኑ ላይ አይቼ አደረግሁ።

«ሴቭ አደረግሽው?»

«አድርጌዋለሁ።»

ወንበራቸው ላይ ተደገፉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ፣ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። ስጨርሰው አነበዋለሁ ያሉትን እኔ ነኝ የረሳሁት፤ እሳቸው አልረሱም።

«እንግዲህ አንብቢልኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው።»

የመጀመሪያው ገጽ ምስጋናው ነው። ከወንድሜ ጀምሬ አነበብሁላቸው።